ጎማው እስኪቀዘቅዝ

በዚያ የጣና ዳርቻ ቸኮልን የሚያውቅ ሁሉ በስሙ ይቀልድ ነበር፤ እንደ እርሱ የማይቸኩል ሰው በወደቡ አልተገኘማ። ሥራው የጀልባ ማኅበሩን ተጎታች መንከባከብ ነው። ማኅበሩ በስብሰባ ላይ «ተጎታች» ይለዋል፤ ከስብሰባው ሲወጣ ግን ሁሉም ጋሪው ነው የሚለው። ጋሪው ከአሮጌ የጭነት መኪና አክስልና ከወፍራም የውሃ ቱቦ ተበይዶ የተሠራ፣ ሁለት ጎማ ያለው፣ አጥንቱ የወጣ የብረት እንስሳ ነው፤ ጀልባ በታመመ ቁጥር ባሕሩ ድረስ ወርዶ ያዝለዋል፣ በፒስታው መንገድ ኮረብታው ላይ እስካለው ጋራዥ ይወስደዋል፣ ሲድንም መልሶ ያወርደዋል። ቸኮል ጠዋት ጠዋት ዳዶዎቹን ያጠብቃል፣ የጎማውን ንፋስ ያያል፣ ጋሪውና ፒክአፑ የሚገናኙበትን መንጠቆ ይቆልፋል፤ ከዚያ ሁለቱን ሰንሰለቶች ከመንጠቆው ሥር አጠላልፎ ያስራቸዋል፣ መንጠቆው ቢከዳ እንኳ አቅፈው እንዲይዙት። «ሰንሰለት እንደ ወንድም ነው» ይላል፤ «በደህና ቀን ምንም ሥራ የለውም።»

ከሁሉ የሚጠብቀው ግን አንድ ሕግ ነበረው። ከጋራዡ እስከ ባሕሩ ያለው ቁልቁለት ረጅም ስለሆነ የጎማው እምብርት፣ ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ማለት ነው፣ ሲደርስ ግሎ ይደርሳል። ቸኮል ይወርድና፣ የልጇን ትኩሳት እንደምታይ እናት፣ በእጁ ጀርባ ይዳስሰዋል። ትኩስ ከሆነ የዋርካ ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል። ሾፌሩ አላምረው መሪውን በጣቱ እየመታ ይጠብቀዋል።

«ጋሼ ቸኮል፣ ስምዎን ያወጣው ሰው በሕይወት አለ?»

«የለም። ቸኩሎ ሞተ።»

«ጎማ እኮ ገንፎ አይደለም፤ ቢበርድ ባይበርድ ማን ይበላዋል?»

ቸኮል ይህን ለመቶ ሰው አስረድቷል፤ ለመቶ አንደኛው ማስረዳትም አይሰለቸውም ነበር። የጋለ ብረት ውስጥ ያለ አየር እግሩን ዘርግቶ የተቀመጠ አየር ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ድንገት ሲነካው ይሸማቀቃል፤ ሲሸማቀቅ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ያንን ባዶ ቦታ ለመሙላት እምብርቱ ከኋላ ባለችው ቀጭን የጎማ ቀለበት በኩል ባሕሩን ይጠጣል። የጠጣው ውሃ ግራሶውን ያበላሻል፣ ኩሽኔታውን ያዝጋል፣ አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ጎማው ተነቅሎ ከሾፌሩ ቀድሞ ከተማ ይገባል። «ስለዚህ» ይላል ቸኮል፣ «የሞቀው ሳይቀዘቅዝ ወደዚያ ውሃ አይገባም። ባሕሩ ውስጥ ያለው ባሕሩ ውስጥ ይቅር።»

ባሕሩ ውስጥ ምን እንዳለ በክረምቱ መጨረሻ አወቀ። የሚስቱ የደብሬ ታናሽ ወንድም ውባንተ የማኅበሩ ጀልባ ነጂ ነበር፤ በእነ ቸኮል ቤት የኋለኛው ክፍል ይኖር ነበር። ጥርሱን ስለሚያመው ሁልጊዜ ቅርንፉድ ያኝካል፤ ከሩቅ ሳይታይ በቅርንፉዱ ሽታ ይታወቃል። አንድ ቀን ከገዳም ተሳላሚ ጭኖ ሲመለስ ማዕበል ተነሣ፣ እምቦጩ ውሃ ውስጥ የሚሽከረከረውን የሞተሩን ምላስ ጠመጠመው፣ ውባንተም ሊፈታው ጎንበስ እንዳለ ጀልባው ዘመመ። ተሳላሚዎቹ በሙሉ ተረፉ። እርሱ ቀረ። ባሕሩ የወሰደውን በሦስተኛው ቀን ይመልሳል ይባላል፤ ውባንተን አልመለሰም።

ደብሬ ድንኳን አላስተከለችም። ቄሱ አስከሬን ባይኖርም ፍትሐት እንደሚደረግ ቢነግሯት፣ «ሥጋው አፈር ሳይቀምስ ምን ፍትሐት፣ ምን አርባ፤ ወንድሜን እጄ ላይ ስጡኝና ከዚያ ቅበሩልኝ» አለች። ጠጉሯን ተላጨች፣ ቅቤ የሚባል አላስጠጋችም፣ እህል በቀን አንዴ እንደ መድኃኒት ቀምሳ የምትተወው ሆነች። አንገቷ እየቀጠነ፣ ዐይኗ እየሰፋ ሄደ። ቸኮል ማታ ማታ አጠገቧ ተቀምጦ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ያ ሬሳ ካልተገኘ ይህቺ ሴት ቀድማው ትቀበራለች።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ደመናማ ከሰዓት ነው። ማዶ ያሉ ሰዎች ጀልባ ይፈልጋሉ፣ ዝናብ መጣሁ ይላል፣ የማኅበሩ ሰዎች ቸኮልን ከበው «ዛሬ እንኳ ስምህን ሁን» አሉት። እጁን ወደ እምብርቱ ሰደደ፤ ያቃጥላል። አላምረው ግን ቀድሞ ማርሹን ወደ ኋላ አስገብቶ ነበር። ጋሪው በበሰበሰው እምቦጭ መካከል እየሰነጠቀ ገባ፤ ብረቱ ውሃውን ሲነካ ጭስ… አለ፣ ቀጥሎም ቸኮል በዚህ ሁሉ ዘመኑ ሰምቶት የማያውቀው ድምፅ ከሥር መጣ፤ ጥማቱ የጸናበት ከብት መጀመሪያ የሚጎነጨው ዓይነት፣ ረጅምና ጉሮሮ ያለው፣ አንድ ጊዜ ብቻ፤ ግው።

በማግሥቱ ጋሪውን በክሪክ አንሥቶ ጎማውን አወጣ፣ የእምብርቱን ቆብ በመዶሻ ነካክቶ ከፈተ። ውሃ የገባበት ግራሶ ምን እንደሚመስል ያውቃል፤ ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል፣ ይቀጥናል፣ ይፈሳል። ይህ ግን አልፈሰሰም። ነጭ ነበር፤ የሰባ በግ ሞራ የሚመስል፣ ከዳር ዳር ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ጣት ሲገባበት የጣቱን ቅርጽ ይዞ የሚቀር። ሽታው መጀመሪያ የእምቦጭ ነበር፤ የረጋ ውሃ፣ የበሰበሰ ሥር፣ የአምባዛ ሆድ። ከዚያ ሥር ሌላ ሽታ ነበረ፤ ከሣጥን ታች ተረስቶ የከረመ የሳሙና። ከዚያም ሥር አንድ ሌላ። ቸኮል አፍንጫውን አስጠግቶ ሊለየው ሞከረና ፊቱን አዞረ።

ያም ሆኖ የልማዱን አደረገ። አዲሱን ግራሶ በግራ መዳፉ ላይ አኖረ፣ ኩሽኔታውን በቀኙ ይዞ መዳፉ ላይ እየጫነ፣ እየገፋ፣ በጥርሶቹ መካከል አሮጌው ከወዲያ እስኪወጣ ይጠቀጥቀው ጀመር። አሮጌው ወጣ፤ ቀጫጭን ነጫጭ ትል እየመሰለ፣ እየተጠማዘዘ፣ የእጁ ጀርባ ላይ እየወደቀ። ለብ ያለ ነበር፤ ጋሪው ግን ሌሊቱን ሙሉ ሜዳ ላይ ነው ያደረው። በመጨረሻ ከጥርሶቹ መካከል ጥቁር፣ ቀጭን፣ ባለ ራስ እንጨት ነገር ወጣ። ሚስማር መስሎት በሁለት ጣቱ አሸው። ቅርንፉድ ነበር።

ቸኮል በጋዝ ታጠበ፣ በአመድ ታጠበ፣ በዱቄት ሳሙና እስኪላጥ ታጠበ። ጥፍሩ ሥር ያለው ነጩ አልለቅ አለ። ቤት ገብቶ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ተቀመጠ፤ ሰው ግን እጁን ኪሱ ከትቶ ራት አይበላም። ደብሬ ውሃ ልታስታጥበው ማስታጠቢያውን ይዛ ጎንበስ እንዳለች ቆመች። እጁን ያዘችው፤ ወደ ፊቷ አስጠጋችው፤ ረጅም ትንፋሽ ሳበች። በዚያ ማታ አንድ እንጀራ ጨረሰች። ቸኮል ግን ወጡ ሲቀዘቅዝ ላዩ ላይ የረጋውን ስብ አየና አንድ ጉርሻ ሳይውጥ ተነሣ።

በቀጣዩ ሳምንት የጎማ ቀለበቷን በአዲስ ለወጠ፣ እምብርቱን በቤንዚን አጠበ፣ አላምረው እስኪያዛጋ ድረስ ጥላ ሥር ተቀመጠ። ጎማው ቀዝቅዞ ገባ፣ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ቸኮል ደስ አለው፤ ጠግኖ የጨረሰ ሰው ደስታ። ማታ ግን ደብሬ እጁን አንሥታ አሸተተችና እንደ ሰረቃት ሰው አየችው።

«ዛሬ እጅህ ንጹሕ ነው።»

«ምነው ታዲያ፣ ንጹሕ እጅ ነውር ነው?»

ራቱን አቀረበችለት፤ እርሷ አልቀመሰችም። በማግሥቱም አልቀመሰችም። ከዚያ በኋላ ምድጃው ጋ ተቀምጣ፣ ዐይኗን ከእሳቱ ሳትነቅል፣ ያን ዕለት ምን የተለየ ነገር እንዳደረገ ጠየቀችው። ቸኮል ማስረዳት አይሰለቸውምና አስረዳት፤ ስለ ጋለው ብረት፣ ስለሚሸማቀቀው አየር፣ እምብርቱ ባሕሩን ስለሚጠጣው። እስከ መጨረሻው ካወራ በኋላ ነው ለማን እያወራ እንደሆነ የገባው።

«እና ለምን ትጠብቃለህ?» አለችው፤ እጅግ በለሰለሰ ድምፅ።

«ደብሬ፣ እርሱ እኮ እርሱ አይደለም። የዓሣ ስብ ይሆናል፣ የጉማሬ ይሆናል።»

«ጉማሬ ቅርንፉድ ያኝካል?»

ቅርንፉዱን እንዳገኘ አልነገራትም ነበር።

አንገቷን አየ። ከዚያ በኋላ ቸኮል ጥላ ሥር መቀመጥ ተወ።

አላምረው መጀመሪያ ተደሰተ፣ ቀጥሎ ተገረመ፣ ቀጥሎ መጠየቅ ተወ። «ጋሼ፣ ዛሬም ሳይዳስሱ? አሞዎታል?» ይል ነበር መጀመሪያ። ጋሪው እየጋለ ገባ፣ ግው አለ፣ ወጣ። ጠዋት ጠዋት ቸኮል አፍንጫውን በፎጣ አስሮ ቆቡን ይከፍታል፣ ነጩን በማንኪያ እየቧጠጠ የቲማቲም ጣሳ ይሞላል። ማንኪያው ሲገባ ሙልጭ የሚል፣ ሲወጣ ደግሞ ለመላቀቅ የሚያመነታ ነገር ነበር። አንዳንዴ ጠጉር ይኖርበታል፤ አጭር፣ ከርዳዳ። አንድ ጊዜ ጨረቃ የመሰለች የጥፍር ቁራጭ። አንድ ጊዜ ደግሞ የፈላ ወተት ላይ እንደሚሰፍፍ ስስ ቆዳ፣ በጣቱ ሲነካው ከንክኪው የሸሸ። ያን ዕለት ጋሪው ሥር ተንበርክኮ ሆዱ ውስጥ የሌለውን ሁሉ አስመለሰ፤ ከዚያ አፉን ጠርጎ ጣሳውን ከደነው።

የሚገርመው ኩሽኔታው ነበር። በሕጉ መሠረት መዛግ፣ መጮህ፣ መንቀጥቀጥ ነበረበት። ቸኮል ጎማውን አንጠልጥሎ በእጁ ያሽከረክረዋል፤ ከአዲስ ይበልጥ ዝም ብሎ፣ ሳይቆም፣ ገፊው እጁን ካነሣ በኋላ እንኳ ፍጥነት የሚጨምር እየመሰለ ይዞራል። ለመጀመሪያ ጊዜ በሙያው የማያስረዳው ነገር ገጠመው።

«ጋሼ» አለው አላምረው አንድ ቀን ቁልቁለቱን ሲወርዱ፣ ዐይኑን ከኋላ ማሳያው መስታወት ሳያነሣ፣ «ድሮ ጋሪው ሲንቋቋ ከኋላዬ እንዳለ አውቅ ነበር። አሁን ድምፁ የለም። እየተጎተተ ሳይሆን እየተከተለኝ ነው የሚመስለኝ።»

«መንገዱን እይ» አለው ቸኮል።

ቤት ውስጥ ደብሬ ወፈረች። ጉንጯ ሞላ፣ ዐይኗ ወደ ቦታው ተመለሰ። ጣሳውን ደጅ ድረስ ወጥታ ትቀበለዋለች፤ በሁለት እጇ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ። ይዛው ወደ ኋለኛው ክፍል ትገባለች፣ በሩን ትዘጋለች። ቸኮል ከበሩ ወዲህ ሆኖ የሚሰማው ሊጥ እንደሚደበደብ ያለ ድምፅ ነው፤ ጥፍ፣ ጥፍ፣ ጥፍ፤ ከዚያ እርጥብ መዳፍ ሲያለሰልስ፣ ከዚያ እሹሩሩ። ቤቱ በሙሉ ሻግቶ የተረሳ የጠጉር ቅቤ ይሸታል፤ ግድግዳው፣ ብርድ ልብሱ፣ የሚጠጣው ውሃ። እንጀራውን ሲቆርስ ጣቶቹ ያንሸራትቱታል። ለራሱ የሚናገረው አንድ ነገር ነበር፦ ይሞላል፣ ትገንዘዋለች፣ እንቀብረዋለን፣ ያበቃል። ጥያቄ የሚጠይቀውም በዚያው ልክ ነበር።

«ስንት ይቀራል?»

«ትንሽ» ትለዋለች። «ፊቱ ነው የቀረኝ።»

አንድ ጊዜ ብቻ በሩ ገርበብ ብሎ አየ። አልጋው ላይ የውባንተ ጋቢ የሰው ቁመት ሆኖ ተኝቷል። ከጋቢው ጫፍ አንድ እግር ወጥቷል፤ ነጭ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ጣቶቹ ገና ያልተለያዩ። ውስጥ እግሩ ላይ አንድም መስመር አልነበረበትም፤ መሬት ረግጦ የማያውቅ ሰው እግር። ቸኮል በሩን ቀስ አድርጎ መለሰው፣ ወጥቶ አጥሩ ጋ ቆመ፣ ምራቁን ደጋግሞ ተፋ። አፉ ውስጥ ያለው ጣዕም ቅርንፉድ ነበር።

ጥር ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሁለት ዓሣ አጥማጆች በታንኳ እየቀዘፉ መጡና ማዶ ባለው የእምቦጭ ምንጣፍ ሥር ሰው አገኘን አሉ። ትልቁ ጀልባ ጋራዥ ነበር፤ ጋሪው በሩጫ አወረደው፣ ማንም ስለ መጠበቅ አላነሣም። ከሰዓት ላይ ጀልባው በሸራ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ተመለሰ። የማኅበሩ ሰዎች ባርኔጣቸውን አወለቁ። ቸኮል የሟች ዘመድ ነውና እንዲለይ ጠሩት።

ሸራውን ገለጠ። እምቦጩ ከላይ ከድኖት፣ ጭቃው ከሥር ይዞት፣ ዓሣ ሳይደርስበት ከርሟል። ሥጋው እንደ ሳሙና ገርጥቶ ደርቋል፤ ግን ውባንተ ነው። የብር ጥርሱ አለ። የሸሚዝ ኪሱ ውስጥ በጨርቅ የተቋጠረ ቅርንፉድ አለ። ቸኮል ተንበረከከ፤ ሰዎቹ ለሐዘን መሰላቸው። እርሱ ግን ሥራው ላይ እንደሚያደርገው እየመረመረ ነበር፦ ጣቶቹን አንድ በአንድ፣ ጥፍሮቹን፣ ጉንጩን፣ ጭኑን፣ ውስጥ እግሩን። መስመሮቹ ሁሉ ቦታቸው ላይ ነበሩ። ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ፣ አንድ ማንኪያ እንኳ አልጎደለበትም።

«ተመስገን ነው ጋሼ» አለው አላምረው፣ ክንዱን ይዞ እያነሣው። «ሙሉ ሰው ነው የመለሰልን። እታለም ደብሬም አሁን ትረፍ።»

ቸኮል የራሱን እጅ አየ። ከጥፍሩ ሥር ያለው ነጭ በፀሐዩ ላብ ወጥቶት ነበር። ከኋላው ጋሪው ውሃው ውስጥ እንደ ቆመ ነው፤ ብረቱ ከቀዘቀዘ ሰዓታት ቢያልፉም፣ ሰው ሁሉ ዝም ባለበት፣ ረጅምና ጉሮሮ ያለው ድምፅ ተሰማ። ግው።

ቤቱ ሩቅ አልነበረም፤ ቸኮል ግን በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሮጠ። የእድሩ ጡሩምባ ከኋላው መነፋት ጀምሯል፤ የውባንተን ስም እየጠራ በየመንደሩ ይዞራል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ደብሬ የኋለኛው ክፍል ደፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ጎኗ ላይ በሳህን የተፈተፈተ ነገር አለ። ከተላጨ ወዲህ ያደገው አጭር ጠጉሯ ተቀብቷል፤ ነጭ ሆኖ ግንባሯ ላይ ይቀልጣል። ሐዘንተኛ ቅቤ አይቀባም። ቅቤም እቤት አልነበረም።

«ደብሬ» አላት፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «ውባንተ ተገኘ። ሙሉውን። በዐይኔ አየሁት፣ በእጄ ነካሁት፤ እርሱ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች። «ጡሩምባውን ሰማሁ።»

«እንግዲያ ይህ…»

ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ከበስተጀርባዋ፣ በጨለማው ውስጥ፣ ጋቢው ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ቀስ ብሎ ወረደ፤ በተነሣ ቁጥር ከሥሩ ቸኮል ከባሕሩ ያወቀው ድምፅ ይሰማል፤ ግን አንድ ጊዜ ብቻ አልነበረም፣ እየለመደው የሄደ ይመስል ደጋግሞ፣ እየተስተካከለ ነበር። ደብሬ ዞር ብላ አየችው፣ ሳህኑን አነሣች፣ ከዚያ ለባሏ ሰው ልጅ አስተኝቶ እንደሚናገረው ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አንተ ሂድና ቅበረው» አለችው፤ «እኔ ይኼን ብቻውን ጥዬው አልሄድም፤ ገና አልለመደንም።»